አናናስ በባዶ ሆድ

ማስረሻ ጎጃም በረንዳ ሲገባ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ አሁን አርባ ስድስት ሞልቶታል። የዕድሜውን ግማሽ ያሳለፈው ጀርባው ላይ ጆንያ ተጭኖበት ነው። ስኳሩን፣ ሩዙን፣ ዱቄቱን ከአይሱዙ ወደ መጋዘን፣ ከመጋዘን መልሶ ወደ አይሱዙ ሲያመላልስ ወገቡ ከዳው። ለወገቡ ከመድኃኒት ቤት ዲክሎፌናክ መግዛት ለመደ፤ በአዘቦት ቀን አንድ፣ ሸክም የበዛ ቀን ሁለት ይውጣል። ኪኒኑ ወገቡን ሲያስተኛለት ጨጓራውን ይቀሰቅስበታል። ጨጓራው ሲነሳ እጁን ከእምብርቱ በላይ ጭኖ ግድግዳ ይደገፋል፤ ተራው ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ጀርባውን ይሰጣል። ቆሞ ያረፈ ተሸካሚ ተራው ለሌላ እንደሚያልፍ ያውቃላ።

የመጋዘኑ ባለቤት ጋሽ ጠሀ ናቸው። ልጃቸው ፉርቃን ከመጋዘኑ በር አጠገብ ጁስ ቤት ከፍቶ ነበር። ጁስ ቤቱ እንጀራው ነው፤ ነፍሱ ግን ስልኩ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኩን መቆሚያ ላይ ሰክቶ፣ ክብ መብራቱን አብርቶ፣ ቲክቶክ ላይ ስለ ፍራፍሬ ያወራል። ፍራፍሬ ከምግብ በኋላ ከተበላ ሆድ ውስጥ ይበሰብሳል፣ በባዶ ሆድ ከተበላ ግን አንጀት ያጥባል፣ የጨጓራ ቁስል ያደርቃል ይላል። ከየት እንዳመጣው የጠየቀው ሰው የለም። የሚያየው ሕዝብ በየቀኑ ይጨምር ነበር፤ ለፉርቃን የጎደለው ዳንኩ የሚል ሰው ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ማስረሻን ግድግዳ ተደግፎ አገኘው።

«ማስሬ፣ ጨጓራ አለብህ አሉ።»

«አለብኝ አለቃ።»

«ከያዘህ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ስድስት፣ ሰባት ይሆናል።»

«እኔ አድንሃለሁ። ሃያ አንድ ቀን ብቻ። ጠዋት የምሰጥህን ትበላለህ፤ እስከ ቀትር ሌላ ነገር አፍህ አይገባም። እየቀረጽኩህ እንሄዳለን። በመጨረሻው ቀን ዳንኩ ትላለህ።»

«ባልድንስ?»

ፉርቃን ሳቅ አለ። «ትድናለህ። ሽማግሌው ዘበኛ ወር ሲወጣ አገሩ ሊገባ ነው። አባዬ በቦታው ሰው እያፈላለገ ነው። ክፍሏን አይተሃታል አይደል?»

ማስረሻ አይቷታል። ከመጋዘኑ በር ጥግ ያለች አንድ አልጋ የምታስገባ ክፍል ናት፤ አምፖል አላት፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር አላት። እሱ የሚያድረው አሥራ አንድ ሆነው በሚተኙባት የቆርቆሮ ቤት ነው፤ አንዱ ሲገላበጥ ሁሉም ይገላበጣል። ሃያ ሦስት ዓመት ሙሉ በር ዘግቶ ብቻውን ተኝቶ አያውቅም።

«እሺ» አለ።

የመጀመሪያው ቀን አልከፋም። ፉርቃን አንድ ሳህን የተቆራረጠ አናናስና ግማሽ ብርጭቆ የሎሚ ጭማቂ አቀረበለት። ማስረሻ አናናስ በልቶ አያውቅም ነበርና ጣፈጠው። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ሁለተኛውን ኩንታል ተሸክሞ ሲነሳ፣ ሆዱ ውስጥ ፍም የተደፋ መሰለው። ጥርሱን ነክሶ አሥራ አራት ኩንታል አወረደ። በአራተኛው ቀን አይሱዙው ጀርባ ተደብቆ አስመለሰ። የወጣው ነገር ጎምዛዛ ውሃ ብቻ ነበር፤ ሌላ የሚወጣ አልነበረውማ።

እዚያው ሻይና በሶ የምትሸጥ እትዬ ራዲያ የምትባል ሴት አለች። ስልሳን የተጠጋች፣ በርበሬ በረንዳ ጆንያ ስትሰፋ አርጅታ ወደዚህ የመጣች የስልጤ ሴት ናት። ማስረሻን ሲያስመልስ አየችው።

«አንተ ሰው፣ ያ ልጅ በየጠዋቱ የሚያበላህ ምንድን ነው?»

ነገራት።

«ፍራፍሬ መድኃኒት ከሆነ እኔ እስከ ዛሬ መቶ ዓመት በኖርኩ» አለች። «ፍራፍሬው መርዝ ነው አላልኩም። እኔ ጎህ ሲቀድ ሙዜን በልቼ እወጣለሁ፣ ምንም ሆኜ አላውቅም። የኔ ሆድ ጤነኛ ነው፣ ያንተ ግን ቁስል ነው። ቁስል ላይ ሎሚ የሚጨምቅ ማን ነው?»

«ክፍሏን ሊሰጠኝ ነው እትዬ።»

ራዲያ በሶ በጥብጣ ሰጠችው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ከጆንያው ክምር ጀርባ ይቀመጥና ይጠጣላታል፤ በሶው ሲገባ ሕመሙ ረገብ ይላል። እንዲህ እያለ እስከ አሥረኛው ቀን ገፋ።

በአሥራ አንደኛው ቀን ፉርቃን ጺሙ ላይ የደረቀ በሶ አየበት። አልተቆጣም። ተሸካሚዎቹ በተሰበሰቡበት በእጁ ጠራው፤ አፉን እንዲጉመጠመጥ ውሃ ሰጠው፤ ከዚያ ሁለተኛ ሳህን አናናስ አስመጣ።

«ብላ።»

«ዛሬ በልቻለሁ አለቃ።»

«ዛሬማ የበላኸው በሶ ነው። አንተ ካልፈለግክ ክፍሏን የሚፈልግ ሞልቷል። ዳኒ፣ ጨጓራ አለብህ?»

ዳኒ የሚባለው ጎረምሳ ሳቀ። «ለክፍሏ ከሆነ ከዛሬ ጀምሮ አለብኝ» አለ። ሌሎቹም ሳቁ። ማስረሻ በሃያ ሰው ፊት ሳህኑን ጨረሰ፤ የሎሚውን ብርጭቆም ገልብጦ ለሁሉም አሳየ። እንባው በጉንጩ ይወርድ ነበር። ፉርቃን ስልኩን አቅርቦ «ይሄ መርዙ እየወጣ ነው» ብሎ ለተመልካቾቹ አስረዳ።

ሃያ አንደኛው ቀን ደረሰ። ማስረሻ ከስቶ ሱሪውን በገመድ አስሯል። መብራቱ ፊት ቆመና የተነገረውን አለ። «ስሜ ማስረሻ ይባላል። ሰባት ዓመት በጨጓራ ስሰቃይ ኖሬ፣ ሃያ አንድ ቀን በባዶ ሆድ ፍራፍሬ በልቼ ድኛለሁ።» ሦስት ጊዜ ተቀረጸ፤ በሁለቱ ሳያስበው እጁ ወደ ሆዱ እየሄደ አበላሸበት። በሦስተኛው ፉርቃን እጆቹን ወደ ኋላ እንዲያጣምር አዘዘው፤ ተሳካ።

በሳምንቱ ክፍሏን ተረከበ። ፉርቃን ቃሉን ጠበቀ፤ በዚህ አይታማም። ማስረሻ የመጀመሪያውን ሌሊት በሩን ቆልፎ፣ እንደገና ከፍቶ፣ እንደገና ቆልፎ ተኛ። ሸክም ስለቀረ የወገቡን ኪኒን ተወ። ጨጓራው ግን አልተወውም። ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሶት እግሩን አጥፎ እንዲቀመጥ ያደርገዋል። ቀን ቀን ደግሞ ቪዲዮውን ያዩ ሰዎች በሩ ድረስ እየመጡ «ዳንክ የተባልከው አንተ ነህ?» ይሉታል። እሱም «አዎ» ይላል። ጥበቃ የተቀጠረው ለመጋዘኑ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል።

ውቤ የመጣው ያን ሰሞን ነው።

ውቤ የደጋ ዳሞት ልጅ ነው፤ የማስረሻ የአገር ልጅ። ከስምንት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ያስገባው፣ ጨርቅ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ እንዴት እንደሚያደርግ ያሳየው፣ የመጀመሪያውን ጆንያ ያሸከመው ማስረሻ ነበር። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ አገር ቤት ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት። እሱም እንደ ማስረሻ የወገብ ኪኒን እየዋጠ ጨጓራው ታመመ። ከማስረሻ የሚለየው ጤና ጣቢያ መሄዱ ነው። መርምረው ባክቴሪያ አለብህ አሉትና ሦስት ዓይነት ኪኒን የአሥራ አራት ቀን ሰጡት። የወገቡን ኪኒን ግን ተው ቢሉት አልተወም፤ ቢተወው ጆንያ አያነሳም።

አራት ቀን ከዋጠ በኋላ ኪኒኖቹን በፌስታል ይዞ ማስረሻ ክፍል ገባ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ ይሄ መድኃኒት ገደለኝ። አፌን ብረት ብረት ይለኛል፣ ተቅማጥ ለቆብኛል። ስሸከም ጉልበቴ ይብረከረካል። ትናንት ከአንድ አይሱዙ ግማሹን ሳልጨርስ ቁጭ አልኩ። አንተ ግን ያለ መድኃኒት ነው የዳንከው አይደል?»

ማስረሻ ፌስታሉን አየ።

«ቪዲዮውን አይቼዋለሁ» አለ ውቤ። «ግን ቲክቶክ ላይ ያለ ነገር አይታመንም። አንተ ራስህ ንገረኝ ብዬ ነው የመጣሁት። እውነት ድነሃል?»

በሩ ተዘግቷል። ፉርቃን አልነበረም፣ የሚሰማ ጆሮ አልነበረም። ማስረሻ ሌሊቱን እግሩን አጥፎ ሲቃትት አድሯል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ሆዱ ከውስጥ እየቆረጠው ነበር። አልዳንኩም ቢል ውቤ ለጓደኞቹ ይናገራል፤ ጓደኞቹ ለዳኒ ይናገራሉ፤ እስከ ምሳ ፉርቃን ጆሮ ይደርሳል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበው።

«ድኛለሁ» አለው።

ውቤ ፊቱ በራ። «እንግዲያው እኔም እሱኑ እይዛለሁ። ይሄን ጣልልኝ፣ ወይ የሚፈልግ ካለ ስጥልኝ።» ፌስታሉን አልጋው ላይ ትቶ ወጣ።

ማስረሻ ፌስታሉን ሁለት ቀን አልነካውም። በሁለተኛው ሌሊት ሕመሙ ሲያጣድፈው አምፖሉን አብርቶ ጽሑፉን አየ። ማንበብ ባይችልም ኪኒኖቹን በቀለማቸው ለየ፤ ውቤ ጠዋትና ማታ እንዴት እንደሚውጣቸው ሲናገር ሰምቷል። ሦስቱንም ዋጠ። የቀረውን አሥር ቀን ሳያቋርጥ ወሰደው። አፉን ብረት ብረት አለው፣ ተቅማጥም ያዘው፤ ነገር ግን ወንበር ላይ ለሚውል ሰው ይሄ ምን ችግር ነው? በስድስተኛው ቀን ሌሊቱን ሙሉ ተኛ። በአሥረኛው እጁ ወደ ሆዱ መሄድ ተወ። ማስረሻ ዳነ።

ውቤ ደግሞ በየጠዋቱ በባዶ ሆዱ ፍራፍሬ ይበላል። ሙሉ አናናስ የሚገዛበት አቅም የለውም፤ ከፉርቃን ጁስ ቤት ደጃፍ የሚጣለውን፣ የአናናሱን እምብርትና የበሰበሰ ጎኑን፣ ተጨምቆ የቀረውን ሎሚ ይለምናል። ፉርቃን አይከለክለውም። «ብላ፣ ብላ፣ ጤና ነው» ይለዋል። ውቤ ያንን ከፍሳሽ ቦዩ አጠገብ ቆሞ ያኝካል፤ ቀጥሎ የወገቡን ኪኒን ውጦ ወደ ሸክሙ ይሄዳል። እስከ ቀትር ሌላ ነገር አይቀምስም፤ እንዲህ ነው የተባለው።

ማስረሻ በሩን ሲከፍት በየቀኑ ያየዋል። በሁለተኛው ሳምንት ውቤ ጠቆረ። በሦስተኛው ግድግዳ መደገፍ ጀመረ።

«ንገረው» አለችው ራዲያ።

«ምን ብዬ?»

«አልዳንኩም ብለህ።»

«ድኛለሁኮ እትዬ።»

ራዲያ አተኩራ አየችው። «በምን?»

ማስረሻ ሻዩን ጨልጦ ብርጭቆውን መለሰላት። «ነገ እነግረዋለሁ» አለ። በማግስቱ የስኳር ጭነት መጣና በሩ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ ባለው ቀን ውቤ ራሱ አጠገቡ መጥቶ «ጋሼ፣ ስንተኛው ቀን ላይ ነው የለቀቀህ?» ሲለው «ወደ መጨረሻው ነው» አለው። ይህን ሲል ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው፣ ውቤ ኩንታል ስኳር ተሸክሞ የአይሱዙውን መውረጃ እንጨት ግማሽ እንደደረሰ ቆመ። ከኋላው ያለው «ሂድ እንጂ» ብሎ ጮኸበት። ውቤ ኩንታሉን ጣለና አብሮት ወደቀ። ጆንያው ተቀዶ ስኳሩ ፈሰሰ። ዳኒ መጀመሪያ ያነሳው ጆንያውን ነው። ውቤ ጉልበቱን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ተኛ፤ ላቡ መሬቱን አረጠበው። ማስረሻ መጥቶ ሆዱን ሲነካው እንደ ጣውላ ደርቋል።

በእጅ ጋሪ ጭነው ወደ ሆስፒታል ገፉት። ማስረሻ ከጎኑ ይሮጥ ነበር። ጋሪው ድንጋይ በመታ ቁጥር ውቤ ይጮሃል፤ መንገደኛው ገለል እያለ ያያል። መሃል ላይ ውቤ የማስረሻን እጅ ያዘ።

«ጋሼ፣ እኔ ምን አበላሸሁ? እንዳልከኝ ነው ያደረግኩት።»

«ዝም በል፣ አትናገር፣ ይደክምሃል» አለው ማስረሻ።

«ሎሚው አንሶኝ ይሆን?»

ማስረሻ እጁን ቀስ ብሎ አላቀቀና የጋሪውን ጎን ያዘ።

ያየችው ሐኪም ወጣት ናት። ሆዱን ተጭና ወዲያው ለቀዶ ጥገና እንዲዘጋጅ አዘዘች። ከዚያ ማስረሻን ወደ ኮሪደሩ አወጣችው።

«ጨጓራው ተበስቷል። መድኃኒት ይወስድ ነበር?»

«ጀምሮ ነበር። አራት ቀን ውጦ ተወው።»

«ለምን?»

«ፍራፍሬ ነው የሚሻለኝ ብሎ።»

ሐኪሟ ግንባሯን አሸች። «ፍራፍሬ ለጤነኛ ሰው ምንም አይለውም፤ በባዶ ሆድም ቢበላው ይፈጫል። እዚህ ቁስል ነው ያለው። የወገብ ኪኒን እየዋጠ፣ እየተራበ፣ ከባድ እየተሸከመ፣ በላዩ አሲድ። የሰጡትን አሥራ አራት ቀን ቢጨርስ ኖሮ እዚህ አናገኘውም ነበር። መድኃኒቱን ምን አደረገው?»

«እኔ እንጃ» አለ ማስረሻ።

ውቤ ሐሙስ ሌሊት ሞተ። ዕድሩ አስከሬኑን ወደ አገሩ ላከው። ተሸካሚዎቹ ግማሽ ቀን ሥራ አቆሙ፤ ከቀትር በኋላ አይሱዙዎቹ ስለተደረደሩ ተመለሱ።

ፉርቃን ዓርብ ከጁምዓ ሲመለስ ማስረሻን ጁስ ቤቱ አስገባው። በሩን ዘጋ። ደንግጧል፤ ሐዘን ግን አልነበረበትም።

«ሰው ቪዲዮዬ ሥር ገደልከው እያለ እየጻፈብኝ ነው። እኔ ያንን ልጅ ብላ ብዬዋለሁ? ቀርጬዋለሁ?»

«አላልከውም።»

«እንግዲያው አንተ ታስረዳልኛለህ። በትክክል አልወሰደውም ነበር ትላለህ። ጠዋት ጠዋት ተደብቆ በሶ ይጠጣ ነበር፣ እኔ አይቼዋለሁ ትላለህ።»

ማስረሻ መብራቱን አየ። ውቤ አንድም ቀን በሶ አልጠጣም፤ በሶ የጠጣው እሱ ነው።

«አለቃ፣ ሰውየውኮ ሞቷል።»

«ለዚህ ነው የማይከፋው» አለ ፉርቃን። «አንተ ግን ነገም እዚህ ነህ። ቁልፉ የታለ፣ ኪስህ ነው?»

ኪሱ ነበር። ማስረሻ መብራቱ ፊት ቆመ። እጆቹን ወደ ኋላ አጣምር የሚለው አልነበረም፤ አሁን ራሳቸው ቀጥ ብለው ይቆማሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ተቀረጸ።

በማግስቱ ራዲያ ዘንድ ሄዶ ሻይ ሲጠይቃት ስልኩ ላይ የትናንቱን ቪዲዮ ለሚያይ ደንበኛዋ ዳቦ እያቀበለች ነበር። ቀና ብላ አላየችውም።

«ላንተ የለም» አለች። «ሌላ ቦታ ጠጣ።»

በአርባው ሰሞን የውቤ ሚስት እናኑ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ታናሹን ልጅ አዝላለች። የባሏን ዕቃ ልትወስድ ነው፤ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ሹራብ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ ስልክ። ማስረሻ ዕቃውን ከቆርቆሮው ቤት አምጥቶ በክፍሉ አስቀምጦላት ነበር። አልጋው ላይ አስቀመጣት፤ ውቤ ፌስታሉን የተወበት ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ማስረሻ ማለት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ።»

«ስለ እርስዎ ሳይነግረኝ ደውሎ አያውቅም። ጋሼ በዳነበት ነው የያዝኩት፣ አትስጊ ይለኝ ነበር።» ልጁን ጀርባዋ ላይ አስተካከለች። «አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። አገር ቤት ሰው ብዙ ይላል። አታለሉት ይላሉ። እርስዎ እውነት ድነዋል?»

ማስረሻ ከሃምሳ ቀን ገደማ ወዲህ አንድም ጊዜ ሆዱን ይዞ አያውቅም። ሌሊት ይተኛል፣ የበላው ይረጋለታል። ለዚህች ሴት ውሸት መናገር አያስፈልገውም ነበር።

«ድኛለሁ» አላት።

እናኑ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሰች፤ ትከሻዋ ወደ ታች ወረደ። «እንግዲያው የሱ ዕድል ነው» አለች። «ሰው አታልሎት እንዳልሞተ ካወቅኩ ይበቃኛል። ይህን ነው እናቱን የምነግራት።»

ልጁ ጀርባዋ ላይ ነቅቶ ማልቀስ ጀመረ። ማስረሻ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ በገመድ አሰረና ተሸከመላት። ሸክም ከተወ ጊዜ ጀምሮ ትከሻው ላይ ነገር ሲያርፍ የመጀመሪያው ነው፤ ምንም አይከብድም ነበር። በጋሪዎቹና በሰዉ መሃል እየመራ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ድረስ ሸኛት፤ ወደ መናኸሪያ የሚሄድ ሚኒባስ አስቁሞ ዕቃዋን ጫነላት። ረዳቱ እያጣደፋት ገብታ ተቀመጠችና በመስኮቱ እጁን ይዛ ሳመችው።

«እግዜር ይስጥልኝ። ለሱ ያላደለውን ጤና ለእርስዎ ያብዛልዎ።»

«አሜን» አለ ማስረሻ።